ሻይ አይታጠብም

ከርከዴ፣ ያ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ሲፈላ በሸተተኝ ቁጥር መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አነሣለሁ። ልማድ ሆኖብኛል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤት ገና ደጃፉን እንዳለፍኩ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ተቀበለኝና ሰው ፊት እጄን ሳሸት ተያዝኩ። «ምን ነካሽበት?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከነካሁበት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

የነካሁበት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሱዳን ውስጥ፣ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው የሎሪ መንገድ ዳር፣ በአገሩ አጠራር ጀበል ከምትባል አንዲት ድንጋያማ ኮረብታ ሥር ባለች መንደር እንኖር ነበር። አባቴ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ስኳር ይሸጣል፤ የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ቤቱን የያዘችው እናቴ ነበረች። ኮረብታዋን የያዘው ደግሞ አያ ይማም።

አያ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጉልበት በነበረው ዘመን በአገራችን ምዕራብ፣ ከጎሬ ማዶ ባሉት ኮረብታዎች ላይ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ሲለቅምና ሲገርዝ ኖሯል። ከዚያ ምድር ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ አጭር የመግረዣ ቢላዋና ማንም ሊያስቆመው የማይችል ወሬ። እዚያ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሻዩ ላይ ተኝቶ ያድራል፣ ለቃሚው እስከ ወገቡ ይርሳል ይለኛል። እኔ ጉም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ትልቅ ነጭ እንስሳ መስሎኝ፣ ከሻዩ ላይ ማን እንደሚያስነሣው ጠየቅሁት። «ፀሐይ» አለኝ ሳይስቅ።

ሻይ በእኛ ጀበል እንደማይበቅል እሱም አላጣውም። ግን ኮረብታ ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። ከሥር የተዘረጋው ጥቁር ሜዳ የሐጅ ባቢክር ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚያዘራ፣ ትራክተር ያለው የአገሩ ሰው። ትራክተር የማይወጣበት መሬት ለሐጅ ባቢክር መሬት አልነበረምና ጀበሏን «ውሰዳት» አለው። አያ ይማም ድንጋይ በድንጋይ እየደረደረ በጀበሏ ወገብ ላይ ስድስት እርከን ሠራ። የፍየል ፍግ በጆንያ ተሸክሞ አወጣ። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ለሻይ የሚቀርበው ይኸው ነው ብሎ ከርከዴ ዘራበት፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ደግሞ ከሥር ከሥሩ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘለት። ሰው ለከርከዴ ሣር ሲጎዘጉዝ ያየነው ያን ጊዜ ነው። «ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ እናቴ አሾፈችበት።

የባሰው ነሐሴ ላይ መጣ። ከርከዴው ጉልበቴ ድረስ እንደደረሰ አያ ይማም ከታችኛው እርከን ጀምሮ የእያንዳንዱን ጫፍ፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ በጥፍሩ ቀነጠሰው። ሻይ የሚለቀመው እንደዚያ ነው። ከርከዴ ግን ጫፉ አይነካም፤ እንደ ልቡ ተመዝዞ ይወጣል፣ አበባው ሲረግፍ ቀዩ ቆቡ ይለቀማል፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። መንደሩ ወጥቶ አየው። ሐጅ ባቢክር በትሩን ተደግፎ ከታች ተጣራ።

«ያ ይማም፣ ዳ ከርከዴ፣ ማ ሻሂ» አለው። ይሄ ከርከዴ ነው፣ ሻይ አይደለም ማለቱ ነው።

«ይህን ለከርከዴው መቼ ነገሩት?» አለ አያ ይማም፣ ቀና ሳይል።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምሥጢሩ የገባኝ መሰለኝ። ከርከዴው ሻይ መሆኑ ከተነገረው፣ እንደ ሻይ ከተጎዘጎዘለት፣ እንደ ሻይ ከተቀነጠሰ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ በየማለዳው ከማንም ቀድሜ እየወጣሁ ቅጠሉን አሸት ነበር። ሻይ አልሸተተም። ግን ሌላ ነገር አደረገ። ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተቀነጠሰው ሁሉ ከየጎኑ አምስትና ስድስት ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ወፍሮና ተንዘራፍቶ ቁጥቋጦ ሆነ። ሐጅ ባቢክር እንደገና መጥቶ ሁለት እርከን ድረስ ወጣ፤ ጺሙን አሻሸና «ወላሂ» ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ዝናቡ በዚያው ነሐሴ ቀረ። ሰማዩ ለይስሙላ ይጠቁርና ከሰዓት በኋላ ይበተናል። የሜዳው ማሽላ ፍሬ ሳይቋጥር ቢጫ ሆነ፤ የሐጅ ባቢክር ሰሊጥ በቁሙ ደረቀ፤ ጥቁሩ አፈር እግሬን የሚውጥ ስንጥቅ አወጣ። የጀበሏ ወገብ ግን ድንጋዩና ጉዝጓዙ ያንኑ ጥቂት ርጥበት ይዞላት አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች። ከመንገዱ ሆኖ ለሚያየው ሰው በዚያ ሁሉ አገር የቀረ ለምለም ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ይህንን ከሰው በፊት ያወቀው ጥንዚዛ ነው።

ቁንጫ የምታህል፣ እንደ ቁንጫም የምትዘል ጥቁር ጥንዚዛ ናት። ቅጠሉን ወንፊት አድርጋ ትተወዋለች። ሐጅ ባቢክር ክፉ ጎረቤት አልነበረም፤ ጥንዚዛዋን ባየ ዕለት የሰሊጥ ዘር ተባይ እንዳይበላው የሚለወስበትን ግራጫ ዱቄት በጣሳ ይዞ መጣና «በአንድ ቀን ያልቁልሃል» አለው። አያ ይማም ጣሳውን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት መለሰለት። እኔ ተናደድኩ።

«ለምን መለስክለት?» አልኩት ሐጁ ሲሄድ።

«ሻይ አይታጠብም፣ ዘይኑ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጎመን ብትቀቅይ ታጥቢዋለሽ። ሥጋም ታጥቢያለሽ። ሻይ ግን ከእጅ ወደ ቅርጫት፣ ከቅርጫት ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ ብርጭቆ ነው። ውኃ የሚያገኘው ሊጠጣ ሲል ብቻ ነው። እላዩ ላይ ያደረግሽውን ሁሉ መልሰሽ ትጠጪዋለሽ። እዚያ አገር ይህን ሳያውቅ ቅጠል የሚነካ ሰው አልነበረም።»

በልቤ፣ ታዲያ ይሄ ከርከዴ አይደለም እንዴ፣ አልኩ። ሰው ሁሉ ሻይ አይደለም ብሎ አልሳቀበትም? እንግዲያው ይታጠባል። ይህን አፍ አውጥቼ ብናገረው ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ ነበር።

በዱቄቱ ፋንታ ሥራው ለእኔ መጣ። ጎሕ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይለቅ፣ ጥንዚዛዋ ብርድ ይዟት መዝለል ሲያቅታት፣ አመድ የተበጠበጠበት ውኃ በጣሳ ይዤ ቅጠል በቅጠል እለቅማታለሁ። እሱ ከኋላዬ የኒም ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን መራራ ውኃ በመጥረጊያ ይረጫል፤ ከዚያ አመድ ይነሰንሳል። ጣቴ ይቆረፍዳል፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ ሆዴም ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ቁርሳችን ግማሽ ሆኖ ነበር። ነገር ግን አያ ይማም አጠገቤ ሆኖ ስለ ጉም ስለሚያወራ ሥራው ያን ያህል አይከብደኝም። ጥንዚዛዋ አላለቀችም፤ ግን ቅጠሉም አላለቀም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አያ ይማምን ወባ ጣለው። ኮረብታዋ ለእኔ ብቻ ቀረች። በየማለዳው ወርጄ ስመጣ ከአልጋው ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ጣሳውን ይጠይቀኛል።

«ዛሬስ ምን ያህል ሆኑ?»

መጀመሪያ «ሩብ ጣሳ» አልኩት። ከዚያ ግማሽ። በአምስተኛው ቀን ጣሳው ሞልቶ ሌላ ጣሳ ደገምኩ፤ የላይኛው እርከን ቅጠል ጅማቱ ብቻ እየቀረ ነበር። «ሙሉ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ስሙን ጠርታ ብትለምነው እንኳ አጥሚቱን አልጠጣም አለ። ልጅ ነኝና አጎቴ ሊሞት የደረሰው በወባ ሳይሆን በጥንዚዛ መሰለኝ። ጣሳው በሞላ ቁጥር እሱ የሚጎድል መሰለኝ። 

ከሰዓት በኋላ እናቴ የተዋስነውን ወንፊት እንድመልስ ሐጅ ባቢክር ቤት ላከችኝ። በግቢው ዳስ ሥር የዱቄቱ ጆንያ አፉ ተፈትቶ ቆሟል። ዱቄቱ የሚገድል መሆኑን አውቃለሁ፤ በሰኔ የተለወሰ ዘር የለቀሙ ሁለት ዶሮዎቻቸው ተገልብጠው አይቻለሁ። ግን ከርከዴውን ዛሬ የሚበላው ማነው? ጥንዚዛ ናት። ቀዩ ቆብ የሚለቀመው ኅዳር ነው፤ ያኔ እኔ ራሴ አጥበዋለሁ። ሻሼን ፈትቼ በሁለት እፍኝ ሞላሁና ቋጠርኩት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ አያ ይማም አመድ እንደሚነሰንስ አድርጌ ነሰነስኩት። ነፋስ ነበር። ፊቴም ላይ፣ ቀሚሴም ላይ መጣ። ጥንዚዛዎቹ እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ረገፉ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ባዶውን ጣሳ እያንኳኳሁ ነበር የወረድኩት።

«ዛሬስ?» አለኝ።

«ባዶ ነው፣ አያ።»

ቀና አለ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ትኩሳቱ ሌሊቱን ለቆት ነበር። እኔ ግን ዱቄቱ እሱንም የፈወሰው መሰለኝ። አጥሚቱን ተቀብሎ ጠጣ፣ ከዚያ እጄን ይዞ ጣቶቼን ሳመና «ይቺ እጅ የሻይ እጅ ናት» አለኝ። እጄን ቶሎ ነጠቅኩት። እንደ ናፍታና እንደ ተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። በሳሙና፣ በአመድ፣ በአሸዋ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቅ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

ሰዎቹ የመጡት በአራተኛው ቀን ነው። ከመተማ ወዲህ የሚመጣው ስደተኛ ከመስከረም መባቻ ጀምሮ በመንገዱ ያልፍ ነበር፤ በአብዛኛው ሳይቆም ያልፋል፣ ወይም ውኃ ጠይቆ ያልፋል። እነዚህ ቆሙ። አሥራ አንድ ይሆናሉ። ከፊት ያለችው ከበለሳ የመጣች፣ ወርቄ የምትባል፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ናት፤ በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች፣ በእጇ የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ይዛለች። ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች። እግሯ አቧራ ብቻ ነበር። ወርቄ ኮረብታዋን በጣቷ አሳየች።

«አንቱ አባት፣ ያ የሚታየው ቅጠል ይበላል?»

«እንዴታ፣ እህቴ» አለ አያ ይማም። ገና በበትር ነበር የሚሄደው። «ተቀቅሎ እንደ ጎመን ነው፤ ኮምጠጥ ይላል እንጂ ሆድ ይይዛል። ግን አንቺ የክርስቲያን ልጅ ነሽ፣ ከእስላም ቤት ድስት...»

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው። ቅጠል ምን ሃይማኖት አለው?»

«እውነትሽን ነው» አለና ፈገግ አለ። «ዘይኑ፣ ልጅቱን ይዘሻት ውጪ። ከላይኛው እርከን ጀምሩ፤ ለጋው እዚያ ነው።»

 ኅዳር መስሎኝ ነበር። አጥበዋለሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ቅጠሉን ሊበላ እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም፤ የሚያስበውም ረኃብን የሚያውቅ ሰው ነው፣ እኔ ያን ጊዜ ማወቅ ገና መጀመሬ ነበር። ትርንጎ እጄን ያዘችኝና ወጣን። ምን እንደምል ሳስብ የመጨረሻው እርከን ላይ ደረስን። እሷ አላሰበችም። ጎንበስ ብላ አንዱን ቅጠል በጠሰች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ኮምጣጣው ዓይኗን አስጨፈናት፣ ሳቀችና ሌላ በጠሰች።

እጇን መታኋት። ሁለተኛው ቅጠል ወደቀ። ሦስተኛውን ስታነሣ በጥፊ ደገምኳት። ከታች ያሉት ሁሉ አዩን።

ትርንጎ አላለቀሰችም። መመታት ለእሷ አዲስ አልነበረም መሰለኝ፤ ትክ ብላ አየችኝ። እናቴ ከታች ስሜን ጠርታ የተናገረችውን አልደግመውም። ወርቄ «ተዪያት እህቴ፣ ልጅ ናት፣ የቤቷን ንብረት ነው የጠበቀች» አለች፤ ይህ ከጥፊ ይልቅ አመመኝ። ሌሎቹ ወጥተው ለቀሙ። ድስቱ ተጣደ። ቅጠሉ በፈላው ውኃ ውስጥ ሲገለባበጥ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲነሣ፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደ ድስቱ ሲያዩ ይታየኛል። ሕፃኑ እንኳ አንገቱን አዞረ።

ሄጄ ድስቱን በእግሬ ገለበጥኩት።

እናቴ በያዘችው እንጨት ጀርባዬን አለችኝ። ከሰዎቹ አንዱ ሽማግሌ ከመሬት ላይ ትኩሱን ቅጠል በጣቱ ሊለቅም ጎንበስ አለ። አያ ይማም ግን አልተቆጣም። «ችግር የለም» አለ በድካም፣ «ኮረብታው ሙሉ ነው፣ ደግማችሁ ልቀሙ።» በዚያች ቃል ነው የተያዝኩት። ድስት መገልበጥ ይቻላል፤ ኮረብታ ግን አይገለበጥም።

«መርዝ አለበት» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እንደገና አልኩት። ሽማግሌው ጣቱን ከአፉ ሳያደርስ ቆመ።

«ማን አደረገው?» አለ አያ ይማም።

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት።  ሁለቱንም መዳፌን ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ለረጅም ጊዜ አሸተተ፤ ያን ጊዜ የፊቱን መልክ አየሁ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ልጅቱ ስንት ዋጠች?»

«አንድ።»

ወርቄ ሰምታለች። አልጮኸችም፤ ትርንጎን በአንድ እጇ ወደ ራሷ ሳበቻት። አያ ይማም ጨው በውኃ በጥብጦ አጠጣት፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ አስከተታት፣ አስመለሳት። ከዚያ ሆዷን ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከደጃችን ግራር ሥር ተጋደመች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሞተች ወይስ አልሞተችም እያልኩ የሆዷን መነሣትና መውረድ ስጠብቅ፣ ኋላ ተነሥታ ውኃ ጠየቀች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

አያ ይማም በዚህ መሀል ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጠራኝ።

«የትኛውን ነው?»

«የላይኛውን። ሁለተኛውንም።»

«ሦስተኛውንስ?»

«አላውቅም።»

«ነፋስ ነበር?»

«ነበር።»

በትሩን መሬት ላይ አስተኛው። እርከኖቹን ከላይ እስከ ታች አየ፣ እንደገና ከታች እስከ ላይ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ግንድ ከነሥሩ ነቀለው። ስድስቱንም እርከን ሊነቅል ነው። የታችኛውን እናቴ «ይሄስ ይቅርልህ፣ አያ» ብላው ነበር። «ማን ይምልልኛል?» አላት። ወባ የሰበረው ሰው ነው፤ ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ተንበርክኮ ይነቅል ጀመር። ያን ጊዜ ወርቄ ሕፃኑን ለትርንጎ ሰጥታ ወጣችና ከጎኑ ሆና መንቀል ጀመረች። የተራበ ሰው ለምለም ነገር ሲነቅል አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ። ሌሎቹም ተከተሏት። ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ከመንገድ ሲታይ የነበረው አረንጓዴ ነገር ከመግሪብ ስግደት በፊት አልነበረም።

ሲወርድ በቀጥታ ወደ ጎጆው ገባና ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ቅል አወረደ። ከተዘራው ተርፎ፣ በአመድ ታሽቶ ለከርሞ የተቀመጠው ዘር ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«አያ፣ ዘሩን?»

«ዛሬ ያልበላ ሰው ከርሞ ከርከዴ አይጠጣም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ይሄ ይታጠባል፤ እጠቡት» አለ። ዘሩ ታጥቦ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ከቀረን ጥቂት የማሽላ ዱቄት ጋር ገንፎ ሆነ። የከርከዴ ዘር ገንፎ ጥቁርና ከረር ያለ ነው። ሁሉም በላ። ያልተቆላውን የተረፈ ዘር ደግሞ ለየሰው በእፍኝ አካፈላቸው፤ ለመንገድ ስንቅ እንዲሆናቸው። በስድስተኛው ቀን ሎሪ መጥቶ ወደ ካምፕ ወሰዳቸው። ትርንጎ ከሎሪው ላይ ሆና አየችኝ፤ እጄን ላነሣላት ፈልጌ እጄን ደበቅኩት።

አያ ይማም አንድም ቀን አልገሠጸኝም። ነገሩን መልሶም አላነሣውም። አባቴ መጥቶ ሊገርፈኝ ቀበቶውን ሲፈታ እንኳ «ተዋት፣ ለእኔ ብላ ነው» ያለው እሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ምንም የሚበቅል ነገር እንድነካ አልፈቀደልኝም። የግቢውን ሽንኩርት ውኃ ላጠጣ ስነሣ «ተዪው፣ እኔ አለሁ» ይለኛል፤ ለስላሳ በሆነ ድምፅ። ስለ ጉምም ማውራት ተወ። ባዶ ኮረብታውን እያየ ከግራሩ ሥር ይቀመጣል፤ እኔ ከሩቅ እሱን እያየሁ እቀመጣለሁ። እጄን በቀን አምስት ጊዜ ለስግደት ስታጠብ ሁልጊዜ ቀድሜ አሸተዋለሁ። ሽታው ከለቀቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ሳላሸተው አላምንም ነበር።

በቀጣዩ ሰኔ ደመናው የእውነት መጣ። ሐጅ ባቢክር ትራክተሩን አስነሣ። አያ ይማም ድንጋዮቹን አስተካከለ፣ ፍግ አወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ዘር አልነበረም። ሱቅ ሄዶ ጠየቀ፣ መፋዛ ከተማ ድረስ ሰው ላከ። በዚያ ዓመት ያልተበላ ዘር አልነበረም፤ የነበረውም በግራጫው ዱቄት የተለወሰ ነበር። «ይቅር» አለ፤ «ኮረብታውም ይረፍ።»

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በማግስቱ አንድ የሎሪ ሹፌር በራችን ላይ ቆሞ የሴት ስም ጠራ። የእኔ ስም ነበር።

«ዘይነባ የምትባል ልጅ አለች? ካምፕ ያለች ወርቄ የምትባል ሴት ናት የላከችኝ።» አንዲት ከነጠላ ጫፍ የተቀደደች ቋጠሮ ሰጠኝ። «ከድርሻዬ ያስቀረሁት ነው በላት ብላኛለች። ዘር ጨርሶ አይበላም አለች። ትርንጎ ደህና ናት። ትንሹ ግን አልቆየም።» ይህን ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ቋጠሮዋን ፈታሁት። አንድ እፍኝ እንኳ አይሞላም፤ ጥቁር፣ ኩላሊት የሚመስል ፍሬ። ያ ሕፃን ሲራብ ይህ ፍሬ ቋጠሮው ውስጥ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ፍሬዎቹን ሳልነካ በጨርቁ ጫፍ ጫፍ ይዤ ወደ አያ ይማም ወሰድኩትና ከፊቱ አስቀመጥኩት።

«ለእኔ አይደለም የላከችው» አለ። ሰምቷል።

«አንተ ዝራው፣ አያ።»

ቋጠሮውንም እኔንም አየ። ከዚያ «ነይ እስቲ» አለኝ። ሁለቱንም እጄን ያዘ፣ መዳፌን ወደ ላይ ገለበጠና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። እንደዚያ ቀን ብዙ አሸተተ። 

«አፈር ነው የሚሸተው» አለ። ቋጠሮውን አንሥቶ ፍሬውን ሁሉ መዳፌ ላይ ገለበጠው። «ሦስት ሦስት አድርጊ። ከታችኛው እርከን ጀምሪ።»

እሱ በበትሩ ጉድጓዱን እየጫረ፣ እኔ ሦስት ሦስት ፍሬ እየጣልኩ፣ ወደ ላይ ወጣን። ሁለተኛው እርከን ላይ ስንደርስ ዘሩ አለቀ። እሱ ግን አልወረደም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጎሬ ማዶ ጉሙ ጠዋት ጠዋት ሻዩ ላይ ተኝቶ እንደሚያድር ይነግረኝ ጀመር።